ከጉልበት በታች ያለው አገዳ

ከጎብዬ ወደ ቆቦ በሚመላለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው ያየኋት። ሚያዝያ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ አካባቢ ነው። የራያ ሜዳ ፀሐይ በመስኮት ገብታ የነካችውን ሁሉ ታግላለች። ሮቢት ላይ አንዲት ሴት ተሳፈረችና እንቅልፍ ከወሰዳቸው ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጠች። ሽማግሌው አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለዋል፤ ፀሐይዋ ልክ ፊታቸው ላይ ናት። ሴትዮዋ ጥቂት አየቻቸውና ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። ገለጠችውና በመስኮቱና በፊታቸው መካከል ያዘችላቸው። አንዱ እጇ ሲዝል በሌላው፣ እሱም ሲዝል መልሳ በመጀመሪያው፣ እንዲህ እያደረገች ቆቦ መናኸሪያ ደረስን። ሽማግሌው ሲነቁ ደብተሩ ተመልሶ ቦርሳዋ ውስጥ ገብቷል። ምንም ሳያውቁ ዱላቸውን ይዘው ወረዱ።

እኔ ከኋላ ተቀምጬ ስለነበር ገጹ በፀሐዩ ውስጥ ይታየኝ ነበር። ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘና የተቀጠለ ጽሑፍ ነው። ስንወርድ «ተማሪ ነሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«መሆኑንስ ነኝ» አለች፤ «ዛሬ ግን ልተወው እያሰብኩ ነው።»

ስሟ ጌጥነሽ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እየተቀመጥን ያጫወተችኝን ነው እዚህ የማሰፍረው።

ጌጥነሽ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። የተወለደችው ከሮቢት አንድ ሰዓት በእግር በምታስኬድ መንደር ነው። ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጣ በአፋር በረሃ በኩል ወጣችና ጅዳ ገባች፤ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ስትጠርግ ኖረች። ይዛው የተመለሰችው ዕቃ በጦርነቱ ጊዜ አንድ ሳይተርፍ ጠፋ። ስለ እሱ ብዙ አታወራም፤ «ሰው መትረፉ ይበቃል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ታልፈዋለች። ከዚያ ወዲህ ከቆቦ ወጣ ብሎ ባለ የመስኖ እርሻ ሽንኩርት ትተክላለች፣ ታርማለች፣ ትነቅላለች። ሽንኩርት ከተከላው እስከ ነቀላው ጎንበስ ተብሎ ነው የሚሠራው። ዛሬ ቀና ስትል መጀመሪያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትንሽ ትቆማለች፤ ከዚያ ነው መራመድ የምትጀምረው።

ከሁለት ዓመት በፊት በከተማው ባለ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ብረታ ብረት ለመማር ተመዘገበች። ጠዋት ሽንኩርት፣ ከሰዓት በኋላ ብየዳ። አብረዋት የሚማሩት ልጆች «እታለም» ነው የሚሏት። ከእነሱ መካከል ሚኪያስ የሚባለው ቀልደኛ፣

«እታለም፣ አንቺ ስትመረቂ ጡረታሽንም አብረው ይሰጡሻል» ይላታል።

«ጡረታውን ከሰጡኝማ አንተን ዘበኛ አድርጌ ነው የምቀጥርህ» ትለዋለች፣ የብየዳ መነጽሯን ሳታነሳ።

ሥልጠናው ሰኔ ላይ ያልቃል። ከዚያ በፊት፣ ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ የንግድ ሐሳብ ውድድር አለ። ተማሪዎቹ «ፒች» ይሉታል። እያንዳንዱ ተማሪ ዳኞች ፊት ቆሞ ምን ሠርቶ፣ ለማን ሸጦ እንደሚኖር በአምስት ደቂቃ ይናገራል። አንደኛ ለወጣ ከማሠልጠኛው ጀርባ ካሉት የመሥሪያ ክፍሎች አንዱና አንድ ሞተር ለአንድ ዓመት ይሰጠዋል። ልጆቹ ባያሸንፉም ግድ የላቸውም፤ ደሴ አለ፣ አዲስ አበባ አለ፣ ዕድሜም አለ። ጌጥነሽ ግን ይህ ካልሆነ የሚቀራት ሽንኩርቱ ነው። ወገቧ ሌላ ዓመት ሽንኩርት እንደማይችል ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

የሠራችው የአገዳ መቁረጫ ነው። ራያ ውስጥ ማሽላ ከታጨደ በኋላ አገዳው በየደጁ ይከመራል፤ ከብቱ እስከ ክረምት የሚኖረው በእሱ ነው። ደጋሊት የሚሉት ረጅሙ ማሽላ አገዳው ከሰው ቁመት እጥፍ ይሆናል። ከብቱ ቅጠሉንና ቀጭኑን ጫፍ ይበላና ወፍራሙን ይተወዋል። ጌጥነሽ ከአሮጌ መኪና የባሌስትራ ብረት ስለት አወጣች፣ የጎማ ቸርኬ ላይ በየደችው፣ ከአንድ ገበሬ በተዋሰችው የውሃ ፓምፕ ሞተር አዞረችው። አገዳውን ከሥር እስከ ጫፍ ጣት በማይሞላ ቁራጭ አደቀቀው። በጋሪ ጭና በየደጁ እየዞረች በክፍያ ለመቁረጥ ነበር ሐሳቧ። ንግግሯም የሚጀምረው «ከአገራችን አገዳ ሃምሳ በመቶው ይባክናል» ብሎ ነው።

መምህሯ ዳዊት የሞጣ ሰው ነው። ቆቦ ከተመደበ ሦስተኛ ዓመቱ ቢሆንም ሙቀቱን አሁንም አልለመደውም፤ በእርጥብ መሐረብ አንገቱን እየጠረገ ነው የሚያስተምረው። ከውድድሩ አንድ ወር ቀደም ብሎ ለልምምድ ሁሉንም በየተራ አቆማቸው። ለሚያዳምጡት ብጣሽ ብጣሽ ወረቀት አደለና፣

«ያልገባችሁን ወይ ያላመናችሁበትን አንድ ነገር ጻፉ። ስማችሁን አትጻፉ» አለ።

ጌጥነሽ ተናገረች፤ አጨበጨቡላት። ወረቀቶቹ ሲሰበሰቡ ሃያ ሦስት ነበሩ። ዳዊት አንድ በአንድ አነበበ።

«እግዚአብሔር ይርዳሽ። ... በርቺ እታለም። ... አላህ ያሳካልሽ። ... እግዚአብሔር ይርዳሽ። ... እጅሽ ይባረክ። ...» ቀና አለ። «እናንተ፣ ምርቃት ነው እንዴ ያልኳችሁ?»

ክፍሉ ሳቀ። ከሃያ ሦስቱ ውስጥ አንዱ ብቻ ሌላ ነገር ጽፏል፦ «ድምፅሽ አይሰማም።»

ተማሪዎቹ ሲወጡ ዳዊት ደብተሯን ተቀብሎ በቀይ እስክሪብቶ ይሠራበት ጀመር። የሚረዝመውን አሳጠረ፣ ያልተብራራውን ከበበ። «ሃምሳ በመቶ ይባክናል» ከሚለው ጎን ግን «ማን ነገረሽ?» ብሎ ጻፈበት።

«እትዬ ጌጥነሽ፣ ልጆቹ ይወዱሻል። የሚወድሽ ሰው እውነቱን አይነግርሽም፣ እዚህ አገር ደግሞ ጭራሽ። ገበሬው ጋ ሂጂ። "ሐሳቤ ጥሩ ነው ወይ" ብለሽ አትጠይቂ፤ ጥሩ ነው ይሉሻል። "አምና አገዳችሁን ምን አደረጋችሁት" በይ።»

ሄደች። ጠዋት ሽንኩርት ላይ ሠርታ፣ ሳትታጠብ፣ በሚኒባስ ሮቢት፣ ከሮቢት በእግር። አጎቷ አያ ውቤ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ የአገዳ ክምራቸው ከቤታቸው ይበልጣል። ቆማ ንግግሯን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችላቸው።

«ደግ ነው» አሉ።

«አያ፣ ደግ ነው ብቻ አይበሉኝ። አምና አገዳውን ምን አደረጋችሁት?»

«ምን ይደረጋል? ከብቱ በላው።»

«ግማሹ ይባክናል አይደል?»

አያ ውቤ ወደ ክምሩ አዩ፤ ወደ እሷም አዩ። ከቆቦ ድረስ በዚያ ፀሐይ የመጣች የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል።

«እንዴ፣ ይባክናል እንጂ» አሉ።

ጌጥነሽ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ «ይባክናል — አያ ውቤ» ብላ ጻፈች። ገና ጽፋ ሳትጨርስ ከበረቱ በኩል ድምፅ ሰማች።

«ማነው ይባክናል ያለው?»

አንዲት ቀጭን ረጅም ሴት ከብት የተወውን አገዳ በገመድ አስራ፣ በጀርባዋ አዝላ፣ ጎንበስ ብላ ቆማለች፤ ንባቡን ከበረቱ ሆና ሰምታዋለች። ሙሚና ናት፤ ከመንደሩ ዳር የምትኖር፣ መሬትም ከብትም የሌላት ሴት።

«እንደምን ዋልሽ ሙሚና» አሉ አያ ውቤ፣ ወሬውን ለማስቀየር።

«አልሐምዱሊላህ ደህና። ይቺን ነው የምጠይቃት። አንቺ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

«የአስፋው። ጌጥነሽ ነኝ።»

«ጌጤ! ወሏሂ አላወቅኩሽም። ከእኔ ጋር ከዚሁ በረት አገዳ ስትለቅሚ ያደግሽ አይደለሽ?» ሸክሟን ሳታወርድ ቀረብ አለች። «እስቲ ንገሪኝ፣ ይሄ በጀርባዬ ያለው ምንድን ነው? ብክነት ነው ተሸክሜ የምሄደው?»

ጌጥነሽ የጻፈችውን በእጇ ሸፈነች።

«ከብቱ ቅጠሉን ይበላል፣ እኔ ወፍራሙን አነደዋለሁ። እዚህ አገር ጫካ የት አለ? ማሽንሽ ከሥር እስከ ጫፍ ፈጭቶ ለላም ካበላው እኔ በምን ላብስል? በጅዳ ጋዝ?»

«እኔ እኮ ልጅቱን ላለማስቀየም ብዬ ነው» አሉ አያ ውቤ በቀስታ፣ ለማንም ሳይሆን።

ጌጥነሽ ወደ ሮቢት ስትመለስ መንገዱ ረዘመባት። ያሳፈራት የሙሚና ቁጣ አልነበረም፤ የራሷ መርሳት ነው። እናቷ ሽሮ የምትሠራው በዚያ አገዳ ነበር። ሰባት ዓመት ሲሆናት ጀምራ ከዚያው በረት ለቅማዋለች፤ የከብት ሽንት የነካው አገዳ ሲነድ ጢሱ እንዴት ዓይን እንደሚያቃጥል ታውቀዋለች። ከጅዳ ምድጃና ከቆቦ ከሰል በኋላ ከሐሳቧ ጠፍቶ፣ በገዛ እጇ «ብክነት» ብላ ጻፈችው። ሚኒባስ ውስጥ ሽማግሌውን ያገኘቻቸው ያን ቀን ነው።

በማግሥቱ ደብተሩን ዳዊት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ጨርሻለሁ መምህር።»

የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ዳዊት ሳቅ አመለጠው፤ ቶሎ ግን ተወው።

«ሃያ ሦስት ሰው ምርቃት ሰጠሽ፤ አንዲት ሴት ያላወቅሽውን ነገረችሽ። የትኛው ይሻልሻል?»

«ምርቃቱ አያምም» አለች።

«እሱስ ልክ ነሽ። አያምም።» እስክሪብቶውን ሰጣት። «ሃምሳ በመቶ የምትለዋን ራስሽ ሰርዣት። ከዚያ ወይ ተዪው፣ ወይ ያቺ ሴት ጋ ተመለሺ። ሁለት ሳምንት አለሽ። እኔ ስለ አገዳ ምንም አላውቅም፤ ሞጣ ሌላ አገር ነው።»

ሰረዘችው። ቤቷ ገብታ ጋደም አለች፤ ሁለት ቀን ደብተሩን አልነካችውም። ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ሄዳ የምትለውን ሳታውቀው ወደ ሮቢት ተሳፈረች። እሷ ስትነግረኝ «እግሬ ወሰደኝ» ነው ያለችው፤ እኔ ግን እግዚአብሔር ሰው ሲደክመው በእግሩም ቢሆን የሚመራው ይመስለኛል።

ሙሚና መጀመሪያ አላመነቻትም። «ደግሞ ምን ልትወስጂብን መጣሽ?» አለቻት። ጌጥነሽ «የምወስደው የለም። ልናገርና ስድቡን ጨርሰሽ እንድትሰድቢኝ ነው» ስትላት ሳቀች፤ ሄዳም ሁለት ሴቶች ጠራች። አንዷ ዘኪያ ናት፣ ሁለት ላም ያላት። ሌላዋ እማማ ማሚቴ፣ አጭር፣ ወፍራም፣ ሰው መሃል መግባት የሚወዱ አሮጊት። ቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ጌጥነሽ ቆማ ጀመረች።

«ኧረ ጮክ በይ!» አሉ እማማ ማሚቴ። «ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?»

«ከብት ማሳ ሲገባብሽ እንዴት ነው የምትጮሂ?» አለች ሙሚና። «እንደ እሱ አርጊው። አብሽሪ፣ የሚሰማሽ የለም፣ እኛ ብቻ ነን።»

ጌጥነሽ ጮኸች። ከአጥር ባሻገር አንድ አህያ ቀና ብሎ አያት፤ ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ማንም ዝም ብሎ አላዳመጣትም። በየመሃሉ እያቋረጡ አራት ጊዜ ከመጀመሪያ አስጀመሯት።

«ሞተሩ ሲጮህ ላሜ ትበረግጋለች» አለች ዘኪያ። «በረት አጠገብ አይቁምብኝ።»

«ደግሞ ለማን ነው የምታወሪው?» አሉ እማማ ማሚቴ። «"ውድ አርሶ አደሮች" ትያለሽ። ላሟን ማን ነው የሚያልባት? ውቤ ነው? ቅቤውንስ ገበያ ማን ይወስደዋል? ወንዱ አገዳው ቢደቅ ባይደቅ ምኑ ነው። ግንቦት ላይ ወተት ሲነጥፍ ፊቱን የሚያጠቁረው እኔው ላይ ነው። ለእኔ ንገሪኝ!»

ጌጥነሽ መሬት ላይ ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች።

«ጻፊው» አለች ሙሚና። «ከጉልበት በታች ያለውን አገዳ አትንኩብን ብለዋል በይ። ከዚያ በላይ ያለው ለላሟ ይሁን።»

«የማን ጉልበት?» አሉ እማማ ማሚቴ። «በአንቺ ጉልበት ከተለካማ ለላሟ ምን ሊተርፋት ነው?»

እንደገና ተሳሳቁ። በመጨረሻ በዘኪያ ጉልበት ተለካ። ጌጥነሽ አሰበችበት፤ ማሽኑ ጎን አንድ የሚወርድ ስለት ብትጨምርበት ታችኛውን ለምድጃ በሚሆን ልክ ቆርጦ ለብቻው ይጥለዋል። በረት ሳይገባ፣ ሽንት ሳይነካው፣ ደረቅና ንጹሕ ሆኖ። ይህን ስትነግራቸው ሁለቱ ደስ አላቸው። ሙሚና ግን ፊቷ ጠቆረ።

«ንጹሕ ከሆነማ ለእኔ አይደርሰኝም» አለች። «እስከ ዛሬ የሚተዉልኝ ከብት የረገጠው ስለሆነ ነው። ንጹሑን አያ ውቤ አስረው ገበያ ያወጡታል።»

እውነቷን ነበር። ጌጥነሽ እስክሪብቶውን አስቀመጠች፤ ወገቧን ይዛ ወደ ዛፉ ግንድ ተደገፈች። አንዱን ስታስተካክል ሌላው ይሰበርባታል፤ ያን ጊዜ እንባዋ መጥቶ ነበር።

«ማሽኑን አገዳ ማን ነው የሚያጎርሰው?» አለች ዘኪያ። «ብቻሽን ትችይዋለሽ?»

«ሁለት ሰው ያስፈልገኛል።»

«በቃ፣ ሙሚና ታጎርሳላ። ድርሻዋ ታችኛው ይሁን።»

ተነሥተው አራቱም አያ ውቤ ደጅ ሄዱ። አያ ውቤ በሬያቸውን ውሃ እያጠጡ አዳመጡ። ሲያልቅ «አይሆንም» አሉ።

ጌጥነሽ ፈገግ አለች።

«ምን ያስቅሻል?»

«አያ፣ ከተወለድኩ እምቢ ብለውኝ አያውቁም።»

«አይሆንማ! አገዳው የእኔ ነው። መሬቱን ያረስኩ እኔ፣ ያጨድኩ እኔ። ለማሽኑ ለአንቺ ከፍዬ፣ ደግሞ ደህናውን ሙሚና ይዛው ልትሄድ?»

«አያ ውቤ» አለች ሙሚና፣ «እስከ ዛሬ ስወስድ ምን ጎደለብዎት?»

አያ ውቤ የበሬውን ጀርባ መታ መታ አደረጉ። ወዲያው አንድ ነገር ትዝ ያላቸው መሰሉ።

«ስትለቅሚ በረቱም አብሮ ይጸዳልኝ ነበር። አሁን ደረቁን ከደጅ አንሥተሽ ከሄድሽ በረቴን ማን ይጠርጋል?»

«እጠርጋለሁ። መቼ አልጠርግም አልኩ?»

«እንዲያ ከሆነ ይሁን። በረቱን በየሳምንቱ። ጻፊው አንቺ ልጅ፣ በኋላ ረሳሁ እንዳትለኝ።»

ጌጥነሽ ጻፈች። የቀሩትን ቀናት ጠዋት ሽንኩርት፣ ከሰዓት በኋላ ስለቱን ስትበይድ ከረመች። ንግግሩን ከአንደኛው ቃል ጀምራ እንደገና ጻፈችው። ገበያው ከመጀመሪያው ጠበበ፤ ማሽኑ የሚያደቀው ያነሰ፣ የሚከፈለውም ያነሰ። ዳኞችን ለማማለል ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ይሻል ነበር።

የውድድሩ ቀን ዳኞቹ ሦስት ነበሩ፤ ሁለት ከወረዳ የመጡ ሰዎችና አንዲት ነጋዴ ሴት። ሙቀቱ አዳራሹን አፍኖታል። ጌጥነሽ ስትጠራ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች፣ ከዚያ ሄደች። «ግንቦት ላይ ላማችሁ የነጠፈባችሁ እናቶች!» ብላ ስትጀምር ድምፅዋ ከመጠን በላይ ስለነበር አዳራሹ ደነገጠ፤ ሚኪያስ ከኋላ «አቤት!» አላት። ተሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ጨረሰች።

«ቀደም ብሎ ባስገባሽው ወረቀት አገዳው በሙሉ ይቆረጣል ይላል» አለ አንደኛው ዳኛ። «አሁን ታችኛውን ትተሽዋል። ለምን ራስሽን አሳነስሽ?»

«ታችኛው ባለቤት ስላለው ነው» አለች። የሙሚናን ሸክም ነገረቻቸው። የጉልበቱን፣ የበረቱን መጠረግ፣ የላሟን መበርገግ ሁሉ ነገረቻቸው። አምስቱ ደቂቃ አልፎ ነበር፤ ነጋዴዋ ሴት ግን ሌሎቹን በእጇ ዝም በሉ አለች።

አንደኛ የወጣው ሚኪያስ ነው፣ በዶሮ እርባታ። ሞተሩም ክፍሉም ለእሱ ሆነ። ጌጥነሽ ሁለተኛ ወጣች፤ ለሁለተኛ የተዘጋጀ ነገር አልነበረም። ወንበሮች ሲሰበሰቡ ነጋዴዋ ሴት መጥታ አጠገቧ ቆመች። ከማሠልጠኛው ጀርባ ያለው ሁለተኛው ክፍል ዘንድሮ ባዶ ነው አለቻት፤ ዳኞቹ ተነጋግረውበታል። ግን የሴቶቹን ነገር የሰሙት ከእሷ አፍ ብቻ ነው። እስከ ሰኔ መጨረሻ ሃያ ሴቶች ማሽኑን እንዴት እንደሚፈልጉት፣ ምኑን እንደማይወዱት፣ በራሳቸው ቃል የተናገሩት በጽሑፍ ከመጣ ክፍሉ ይሰጣታል። ካልመጣ ለሌላ ይሰጣል።

ይህን ያጫወተችኝ ባለፈው እሑድ ነው። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሄዷል። ነጠላዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አድርጋለች፤ ፊቷ ላይ ድካም እንጂ ሐዘን አላየሁበትም። እኔ በልቤ ስለ እሷ አመሰገንኩ፤ አፌ ግን «እንኳን ደስ አለሽ» ማለትም «አይዞሽ» ማለትም ከበደው።

«ሃያ ሴት አገኛለሁ» አለች። «እማማ ማሚቴ ብቻቸውን አሥር ያመጣሉ። የሚያስቸግረኝ ጽሑፉ ነው።»

«አንቺ መጻፍ ታውቂ የለም?»

«አውቃለሁ። ግን እኔ ስጽፈው ይለዝባል። ሙሚና "ልትዘርፊን ነው" ብላ ብትጮህ እኔ "አስተያየት ሰጠች" ብዬ ነው የማሰፍረው። አያ ውቤን እንዴት እንደጻፍኳቸው ነግሬዎት የለ? ሴቶቹም ዓይኔን እያዩ ይራሩልኛል፣ ያመሰግኑኛል፣ ይመርቁኛል። ምርቃት ይዤ ብሄድ ክፍሉን አይሰጡኝም።»

አንድ ዲያቆን በሩን ሊዘጋ መጥቶ እኛን ሲያይ ተመለሰ።

«እርስዎ የማንም ዘመድ አይደሉም፣ ጋሼ። ማሽኑም የእርስዎ አይደለም። እኔ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ፤ እርስዎ ይጠይቋቸውና የሚሉትን እንዳለ ይጻፉልኝ። ስድብ ከሆነም ስድቡን። አንድ ቃል አያሳምሩልኝ» አለች። «ቅዳሜ በጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ አብረውኝ ሮቢት ቢሄዱልኝ?»